«ባቲ ልሄድ ነው» ሲሉ ምን ትሏቸዋላችሁ?

ጥያቄ፦

አሰላሙ አለይኩም ሲስተር፣ እንዴት ከረሙ? እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ነው የምትኖረው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። እህቴ ጅዳ ናት። እናቴ ባቲ ተወልዳ ያደገች፣ በኦሮምኛ አፏን የፈታች ሴት ናት። ደሴ ከገባች 40 ዓመት ቢያልፋትም ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እየወረደች ቅቤ ትነግድ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ትረሳለች። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች፣ ከዚያ ብር ያስቀመጠችበትን፣ አሁን የልጄን ስም። ሐኪም «ዲሜንሺያ ነው» ብሎናል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነሳና ነጠላዋን ለብሳ «ባቲ ልሄድ ነው፣ መኪናው ያመልጠኛል» ትላለች። ሰኞ ሲሆን ይብስባታል። ሰኞ መሆኑን ከየት እንደምታውቀው አላህ ይወቅ። ሁለት ጊዜ ወጥታ ጠፍታብን የባጃጅ ልጆች ናቸው ያመጡልን። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ድንገት ብሶባታል፤ የሌለ ሰው ታያለች። አብራት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ትሄዳለች።

እህቴ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ መጦሪያ እናስገባት» ትላለች። ደሴ ውስጥ በግል የተከፈተ የአረጋውያን መጦሪያ አገኘን። ቀጠሮ ይዤ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ግቢው ሴራሚክ ነው፣ አበባ አለው፣ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። መኝታ ክፍሎቹን ግን «ሰዎች ተኝተዋል» ብለው አላሳዩኝም። የሁለት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብለዋል። ጥሩ ቦታ መሆኑን በምን ልወቅ? ደግሞስ ነውር አይሆንብኝም ወይ? ጎረቤቱ ከአሁኑ «እናቱን ሊጥል ነው» ማለት ጀምሯል።

የእናቱ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ወአለይኩም ሰላም ልጄ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቶሎ ያልመለስኩት ከብዶኝ ነው። ለምን እንደከበደኝ እነግርሃለሁ።

ነውሩን መጨረሻ የጠየቅኸኝን መጀመሪያ ልመልስ። ነውር የፈራ ሰው መጦሪያ ቤቱን በደንብ አያይም። አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ የሰጡትን ቡና ይጠጣል፣ ቶሎ ፈርሞ ይወጣል። «ክፍሉን አሳዩኝ» ለማለት እንኳን አፉ አይፈታለትም። እናቱን ሊጥል የመጣ ይመስለዋላ! ስለዚህ ልጄ፣ ያንን ሸክም ደጅ አስቀምጠህ ግባ። እናታቸውን የሚጥሉ ሰዎች ለመጽሔት ደብዳቤ አይጽፉም።

ይህን የምልህ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስለገባሁ ነው። ደሴ ውስጥ 31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ታላቅ እህቴን እታለም ነበር የምንላት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ነበር የምትኖረው፤ ልጆቿ ሁሉም ውጭ ናቸው። የመርሳት በሽታ ሲይዛት ልጆቿ ብር እየላኩ እኔ መጦሪያ ፈለግሁላት። ልክ እንዳንተ ቀጠሮ ይዤ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ወለሉ ይሸታል ዴቶል፣ አንሶላው የተተኮሰ፣ አረጋውያኑ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ነርስ ነኝና የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ሳይቀር አየሁ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳልነግራቸው ከደሴ ተነሳሁ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘገየና እዚያ የደረስኩት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው ነው። እታለም ወንበር ላይ ወገቧን በነጠላ ታስራ አገኘኋት። የራሷ ነጠላ ነው፤ እኔ የገዛሁላት። ዓይኗ ከብዷል፣ ምላሷ ተሳስሯል። ማንም ሐኪም ያላዘዘላት የሚያደነዝዝ ኪኒን ይሰጧት ነበር። ልብሷን ስቀይርላት ከወገቧ በታች አጥንቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል አየሁ። እንዲህ ያለ ቁስል ሰውነት አንድ ቦታ ተጭኖ ሲቆይ የሚመጣ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ገልበጥ የሚያደርግ ሰው ቢኖር አይመጣም ነበር። በዚያ ምሽት ቤቱ ውስጥ ለ14 ሰው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ታለቅስ ነበር። በእሷ አልፈርድም።

ነርስ ሆኜ ያላየሁት ነገር ሰዓቱን ነው። ስለዚህ ከምነግርህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ጠዋት አትሂድ። አመሻሽ ላይ ሂድ።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻል። ቀኑን ውሎ አእምሮው ይደክማል፣ ብርሃኑ ሲቀንስ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ሌላ ይመስለዋል፣ የእንቅልፍና የንቃት ሰዓቱም ይዛባል። «ቤቴ ልሂድ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ልብስ የሚወልቀው፣ በር የሚደበደበው፣ ለቅሶው ያን ጊዜ ነው። የቀኖቹ ሠራተኞች የሚወጡትም፣ የማታዎቹ የሚገቡትም ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ሁሉም መጦሪያ ቤት ያምራል። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ያየ ግን ቤቱን አየ። ከሥራ ስትወጣ ሚኒባስ ይዘህ፣ ሃረጎን ወጥተህ፣ ሳትደውል ከተፍ በል። አንድ ቀን አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ቀን አድርገው። አንዱ እሑድ ይሁን። «የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል» ካሉህ፣ «እናቴን ላመጣ የማስብ ሰው ነኝ፣ ማታውን ማየት እፈልጋለሁ» በል። ሁለተኛም ከከለከሉህ መልስህን አግኝተሃል። የሁለት ወሩን ብር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ተመለስ።

መኝታ ክፍል አለማሳየታቸውን አልወደድኩትም። እርግጥ ሰው በተኛበት አይገባም፤ አንዳንዱ የሌሎቹን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ነው። እንደዚያ ከሆነ ግን «ሲነሱ ይምጡ» ይሉሃል። ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኝቶ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሌሊት ነው ወይ ያልተኙት? ወይስ ምን ተሰጥቷቸው ነው?

አሁን ወደ ባቲ ልምጣ። ከደብዳቤህ ልቤን የነካው እሱ ነው። እናትህ ሌሊት ተነስተው «ባቲ ልሄድ ነው» ማለታቸው ለቤተሰቡ መከራ ነው፤ አውቃለሁ። ለመጦሪያ ቤቱ ግን ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ገብተህ ጠይቃቸው። «እናቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ባቲ ልሄድ ነው ብትል ምን ትሏታላችሁ?» በል። ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን የሚያጥቡትን፣ የሚያጎርሱትን፣ ሌሊት የሚያድሩትን ልጆች ለብቻቸው ጠይቅ። ዝም ብለህ ስማ።

«በሩ ይቆለፋል፣ አያሳስብም» ካሉህ መልስ አይደለም። በሩ ለሥጋ ነው፤ እሳቸው ግን ነግቶባቸዋል፣ ገበያው እያመለጣቸው ነው። «የሚያስተኛ መድኃኒት አለን» ካሉህ ቁጭ ብለህ ማንኛው መድኃኒት እንደሆነና ማን እንዳዘዘው ጠይቅ። «ባቲ የለም፣ አርጅተዋል፣ ይተኙ እንላቸዋለን» ካሉህ ደግሞ እናትህ በየሌሊቱ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲጣሉ ሊያድሩ ነው ማለት ነው።

«ምን ይዘው ነው የሚወርዱት? ብለን እንጠይቃቸዋለን» የምትል ልጅ ካገኘህ ልብህ ይረፍ። «ብርድ ነው፣ ሻይ ጠጥተው ይሂዱ» የምትል ካለችም እንደዚያው። ከሁሉ የምወደው መልስ ግን «እኛ አናውቅም፣ እናንተ ቤት ምን ትሏቸዋላችሁ?» የሚለው ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሊማር የተዘጋጀ ነው። እናትህን ያንተን ያህል ማንም እንደማያውቃቸው ገብቶታል።

እታለምን ከዚያ ቤት አውጥቼ ወዲያው ሌላ ቦታ አላስገባኋትም። ፈርቼ ነበር። አራት ወር ደሴ እኔ ጋ ቆየች፣ ቁስሏ ዳነ። ከዚያ በሰው በሰው አንድ ሌላ ቤት ሰማን። ሦስት ሴቶች ያቋቋሙት ነው። ግቢው ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሶፋው የተቀደደ። እህቴ በየምሽቱ «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው፣ ራት አልሠራሁም» እያለች ትጨነቅ ነበር። እዚያ ያለችው ተንከባካቢ «ልጆችሽ አድገዋል፣ አሜሪካ ናቸው» አላለቻትም። «እስኪመጡ ምስሩን እንልቀም» ብላ ሰፌድ ታመጣላታለች። ቁጭ ብለው ይለቅማሉ። ምስሩ የተለቀመ ነው፤ በየቀኑ ያው ምስር ነው። እታለም እጇ ሲሠራ ልቧ ያርፋል። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ቆየች፣ እዚያው አረፈች። ገላዋን ያጠቡት እነዚያ ሴቶች ናቸው። አንዲት ቁስል አልነበረባትም።

ስለዚህ ሴራሚኩንና አበባውን ተወው። እጅ እይ። የአረጋውያኑ ጥፍር ተቆርጧል? ከንፈራቸው ደርቋል? ውሃ የጠማው ሽማግሌ ውሃ ስጡኝ ላይል ይችላል፤ መጠማቱን ራሱን ይረሳዋል። ተረከዛቸውን እይ፤ የተኛ ሰው ቁስል እዚያም ይጀምራል። የለበሱት ልብስ የራሳቸው ነው ወይስ ከጋራ ክምር የወጣ? የዓይን መነጽር አድርገዋል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦላቸዋል? ሽታም አለ። ሽንት የሚያመልጠው ሰው ባለበት ቤት አንድ ጥግ ላይ ሽታ ቢኖር አትደንግጥ፤ አሁን የሆነ ሊሆን ይችላል። ሽታው ግድግዳው ላይና ፍራሹ ላይ ከሰነበተ ግን ያ ሌላ ነው። የዴቶል ሽታ ብቻ ሲሆንም አትደሰት፤ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው።

ራት ሲቀርብ ቁጭ በል። ማን ነው የሚያጎርሳቸው? እየተጣደፈ ነው? በሽታው እየገፋ ሲሄድ መዋጥ ያስቸግራል፤ ደረቅ እንጀራ ትን ይላቸዋል። ምግቡ ወደ ሳምባ ከገባ የሳምባ ምች ያመጣል። ፍትፍቱ ረጠብ ያለ፣ ሰውየው ቀና ብሎ የተቀመጠ፣ ጉርሻው ትንሽ መሆን አለበት። ሳህኑ ሳይነካ ሲነሳ ዝም የሚሉ ከሆነ ጠይቅ። በየወሩ ይመዝኗቸዋል? መዝገቡን አሳዩኝ በል።

ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቅ። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ሰው አለ» አትቀበል። ነቅቶ የሚያድር ስንት ነው? ለስንት ሰው? የሚነሱና የሚዞሩ ሰዎች ባሉበት አሥራ ምናምን ሰው ለአንድ ልጅ መስጠት በሁለቱም ላይ ግፍ ነው። ከዚያ ሳትሸማቀቅ «ሰው ታስራላችሁ?» በል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። መልሱን ከአፋቸው ሳይሆን ከፊታቸው ታየዋለህ።

ስለ መድኃኒት ትንሽ ላስረዝም። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይታዘዛሉ፤ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ግን ከባድ ጉዳት አላቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እነዚህን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በእንዲህ ያሉ አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ይጨምራሉ ብሎ ማስጠንቀቅ የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. በአዳዲሶቹ ነው፤ በ2008 እነዚህን ቆየት ያሉትንም ጨመረ። ሐኪም ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሊያዝዛቸው ይችላል። ሠራተኛ ቤቱ ፀጥ እንዲልለት የሚሰጠው ነገር ግን አይደለም። ስለዚህ «ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ሳትደውሉልኝ አንድም ኪኒን እንዳትሰጧት» ብለህ ውሉ ላይ አስጽፍ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለብህ። «ካለፈው ወር ወዲህ ድንገት ብሶባታል» ያልከው አላማረኝም። የመርሳት በሽታ እየቆየ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ፣ የሌለ ሰው ማየት ከተጀመረ፣ ሌላ ነገር ተደርቦ ሊሆን ይችላል። በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻውን እንዲህ ያደርጋል፤ ትኩሳት እንኳን ላይኖር ይችላል። የውሃ ማነስ ያደርጋል፣ ሆድ ድርቀት ያደርጋል፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ያደርጋል። ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም ብለው አሚትሪፕቲሊን ጀምረው ከሆነ ለሐኪሙ ንገር። ይህን ጽሑፍ እንዳነበብክ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ሽንት፣ ደም፣ ስኳር፣ የታይሮይድና የቢ 12 ምርመራ ይጠይቁላቸው። ዓይናቸው ሞራ ካለበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አሳያቸው። ጆሮአቸውንም እንዲያዩላቸው አድርግ። በደንብ የማያይና የማይሰማ ሰው ማታ ላይ ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል? ይህ ሁሉ ዲሜንሺያውን አያድነውም። ግን እናትህ ከአንድ ወር በፊት ወደነበሩበት ሊመለሱ ይችላሉ፤ ያኔ የምትመርጠው መጦሪያ ራሱ ይለያል።

ቋንቋውን እንዳትረሳ። የመርሳት በሽታ ኋላ የመጣውን አስቀድሞ ይወስዳል፣ የልጅነቱን ያቆየዋል። እናትህ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ከዓመት በኋላ በኦሮምኛ ብቻ «ውሃ» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ከሌለ «ዝም ብላ ትለፈልፋለች» ይባላሉ። ደሴ ውስጥ ከባቲም ከከሚሴም የመጣ ሰው ሞልቷል፤ ኦሮምኛ የምትችል ተንከባካቢ መጠየቅ ብርቅ ነገር መጠየቅ አይደለም። ሌሊት አዳሪዋ ብትሆን ደግሞ እንዴት ጥሩ ነው።

ሶላታቸውንም ጠይቅ። በሽታው ብዙ ነገር ወስዶ ውዱእና ስግደትን የሚያቆይላቸው ብዙ ናቸው፤ እጅና ጉልበት የለመደውን አይረሳም። ቤቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይቀበላል ሲሉህ ሥጋው እንዴት እንደሚለይ፣ የውዱእ ውሃ ማን እንደሚያቀርብላቸው ጠይቅ። እኛ ወሎዎች ይህን መጠየቅ አንተፋፈርም። በእኔ ቤት አጎቶቼ ግማሾቹ ሙስሊም ናቸው፤ ለበዓል ሁለት ድስት መጣድ የለመደ ቤት ነው።

ደሴ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ አንተ ኮምቦልቻ ሆነህ ትረሳዋለህ። እናትህ የባቲን ሙቀት ያደጉበት ሰው ናቸው። ክፍሉን በምን ያሞቁታል? ከሰል አስገብተው ከሆነ በፍጹም አትፍቀድ። መስኮት ተዘግቶ የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የማይሸት መርዝ አለው፤ እንደተኙ ይቀራሉ። ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ይበቃል። ውሃ ሲጠፋ የሚቆይላቸው ሮቶ አለ? መብራት ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ በቻርጅ የሚሠራ መብራት አለ? ጨለማ ውስጥ ሽንት ቤት የሚፈልግ ሰው ይወድቃል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ተሰብሮ የተኛ ሰው መነሳቱ አጠራጣሪ ነው። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ግቢው ደረጃ ይበዛዋል? በሩ የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ ነው? እናትህ መንገደኛ ናቸው፤ ይህ ለሌላው ትንሽ ነገር ነው፣ ለእሳቸው ግን ሕይወት ነው። የሚዞሩበት የታጠረ ግቢ ካለ ደግ ነው። መሄድ የሚፈልግን ሰው መከልከል ሳይሆን የሚሄድበት ቦታ መስጠት ነው የሚያረጋው።

ወረቀቱን ባጭሩ ልለፈው። ፈቃዳቸውን ጠይቅ፣ ኮፒውን ውሰድ። ከተማው ውስጥ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ገብተህ ያውቋቸው እንደሆነ ጠይቅ። ውሉ ላይ ቢታመሙ ማን እንደሚወስዳቸው፣ ዳይፐርና መድኃኒት በማን እንደሆነ፣ የጅዳው ብር አንድ ወር ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ብታወጣቸው ቅድሚያው ይመለስ እንደሆነ ይጻፍ። ቤት ወይም ገንዘብ በስማቸው ካለ ውክልና የሚሰጠው የሚፈርሙትን እያወቁ ብቻ ነው። የማያውቁበት ደረጃ ደርሰው ከሆነ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ የሚመጣ ዘመድ ቢኖር አትተባበር።

ሌላም መንገድ እንዳለ አስብ። ጅዳ ያለችው እህትህ በየወሩ ለመጦሪያ የምትከፍለው ብር ቤታቸው ውስጥ ለሁለት ሰው ደመወዝ፣ አንዷ ለቀን አንዷ ለሌሊት፣ ይበቃ ይሆን? አስሉት። በለመዱት ቤት መቆየት ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለቱን የሚከታተል ሰው ደሴ ውስጥ ከሌለ፣ አንተም በፈረቃ ከሆንክ፣ በር ተዘግቶ የሚሆነውን ማን ያያል? ጥሩ መጦሪያ ከመጥፎ ቤት ይሻላል። ያም ሆነ ይህ ከዛሬ ጀምሮ ነጠላቸው ጥለት ላይ ስልክህን አሰፋበት። ያመጡልህን የባጃጅ ልጆች አመስግናቸው፤ የእናትህን ፎቶ ስጣቸው።

«እናቱን ሊጥል ነው» ለሚሉህም ምክንያት አላቸው። እኛ አገር መጦሪያ ሲባል ትዝ የሚለን ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ነው። መቄዶንያን ተመልከት። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምረው ከጎዳና ላይ የወደቁትን ለማንሳት ነበር፤ ሰዉም መጦሪያን የሚያውቀው በዚያ ነው። ልጅ ያላት እናት መጦሪያ ስትገባ ሰዉ ይደነግጣል። አትጣላቸው። ከነሱ መካከል ሁለቱን መርጠህ «በሳምንት አንድ ቀን ጠይቁልኝ» በላቸው። ሳይታሰብ የሚመጣ ጠያቂ ያለው ሰው በተሻለ ይያዛል፤ ይህን ከ31 ዓመት የሆስፒታል ሥራ ነው የምነግርህ። አንተም ስትሄድ ቀንና ሰዓት አትልመድ።

ቤቱን ከመረጥክ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ እናትህን ጻፋቸው። በሽታቸውን ሳይሆን እሳቸውን። የባቲ ልጅ እንደሆኑ፣ ቅቤ አሽትተው ለይተው እንደሚያውቁ፣ ሻይ ስኳር በዝቶበት እንደሚወዱ፣ ማን ብለው ሲጠሯቸው እንደሚዞሩ፣ ምን እንደሚያስደነግጣቸው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ውስጥ ከነበሩ እሱንም ጻፍ፤ በር በኃይል ሲንኳኳ የሚንቀጠቀጡ ስንት እናቶች አይቻለሁ። ወረቀቱ አልጋቸው አጠገብ ይለጠፍ። ጋቢያቸውን ሳይታጠብ ውሰድላቸው፤ የቤታቸው ሽታ አለው። የቡና ሲኒያቸውንም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ይረበሻሉ፣ «ውሰደኝ» ይላሉ፣ አንተም ታለቅሳለህ። በዚህ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሂድ።

የሚገቡበትን ቀን ደግሞ ሰኞ እንዳታደርገው። ሰኞ ገበያቸው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በፊት ይሁን፣ ብርሃን ሳለ፣ ምሳ ሳይቀርብ።